አምስተኛውን ሯጭ እዩ፦ ለወጣት ሯጭ ክርስቲያን ኮሌጅ አመራረጥ

ልጃችሁ አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል ይማራል፣ አገር አቋራጭ ይሮጣል እንበል። ሰዓቱ እያማረ ነው። አሰልጣኙም «ኮሌጅ ገብቶ መሮጥ ይችላል» ብሏችኋል። እናንተ ደግሞ እምነቱ ሳይቀዘቅዝ እንዲማር ትፈልጋላችሁ፤ ሩጫውም እንዲያድግ ትፈልጋላችሁ። ሁለቱን አንድ ቦታ ማግኘት ይቻላል። ያሬድ ንጉሤን ተመልከቱ። ኬንታኪ፣ ሉዊቪል ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ልጅ ነው። ኖተር ዴም በሚባለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እየተማረ ሮጠ። በ2019 በ1500 ሜትር የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በ2024 ደግሞ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በዚያው ርቀት ለአሜሪካ ነሐስ አስገኘ።

ግን ያሬድ ኮከብ ነው፤ ኮሌጅ ደግሞ በኮከብ አይመረጥም። በኮሌጅ አገር አቋራጭ አንድ ቡድን 7 ሯጮች ያሰልፋል። ነጥብ የሚቆጠረው ግን ቀድመው ለገቡት 5 ብቻ ነው። አንደኛ የወጣ 1 ነጥብ ይይዛል፣ አሥረኛ የወጣ 10። ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። ስለዚህ የቡድኑን ዕጣ የሚወስነው ብዙ ጊዜ አምስተኛው ሯጭ ነው። ልጃችሁም ሲገባ አምስተኛ ወይም አሥራ አምስተኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የጻፍኩት ያንን ልጅ እያሰብኩ ነው። ያ ልጅ እዚያ ኮሌጅ 4 ዓመት ሲኖር እግሩ ምን ይሆናል? እምነቱስ? ዕዳውስ?

1. መጀመሪያ የኮሌጁን ዓይነት ለዩ

አሜሪካ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የመሠረተው ኮሌጅ ብዙ ነው። አኗኗሩ ግን የተለያየ ነው።

አንዳንዱ ወንጌላዊ ኮሌጅ ተማሪውን ቃል ኪዳን ያስፈርማል። ኢሊኖይ ያለው ዊተን ኮሌጅና ኢንዲያና ያለው ቴይለር ዩኒቨርሲቲ እንደዚህ ናቸው። ቨርጂኒያ ያለው ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲም የራሱ ጥብቅ ደንብ አለው። ሚሺጋን ያለው ካልቪን ዩኒቨርሲቲ የተሐድሶ ፕሮቴስታንት ትምህርት ቤት ነው፤ የጸሎት ፕሮግራሙ ግን በውዴታ ነው። እንደ ኖተር ዴም፣ ቪላኖቫ፣ ፕሮቪደንስ፣ ጆርጅታውንና ፖርትላንድ ያሉት የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች የየትኛውንም እምነት ተከታይ ይቀበላሉ። የእምነት መግለጫም አያስፈርሙም።

ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያለው ግንኙነት የላላ ኮሌጅም አለ። ኢሊኖይ ያለው ኖርዝ ሴንትራል ኮሌጅ ከዩናይትድ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነው። በወንዶች አገር አቋራጭ በዲቪዥን 3 (ዲቪዥን የኮሌጅ ስፖርት ምድብ ነው፣ ክፍል 2 ላይ እመጣበታለሁ) የሚስተካከለው የለም፤ ከ15 በላይ ብሔራዊ ዋንጫ ወስዷል። ሩጫው አንደኛ ነው። የምትፈልጉት ግን በየቀኑ አብሮ የሚጸልይ ማኅበረሰብ ከሆነ ሄዳችሁ በዓይናችሁ ማየት አለባችሁ።

ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው የሚታይ ነው። በ2024 ወንዶቹም ሴቶቹም የዲቪዥን 1 አገር አቋራጭ ዋንጫ ወስደዋል። እሁድ አይወዳደሩም። ትምህርት ቤቱ የሞርሞኖች ነው፤ የሃይማኖት ኮርሳቸው ግዴታ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑ አባል ያልሆነ ተማሪ የሚከፍለውም ከፍ ይላል። ደንቡ ቡናና ሻይ ይከለክላል። ቡና በሚፈላበት ቤት ላደገ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ አስቀድሞ ይወቀው።

ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ ቤተሰቦች አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር አለ። የእምነት መግለጫ ወይም ቃል ኪዳን የሚያስፈርም ኮሌጅ ከሆነ ጽሑፉን ከማመልከቻው በፊት አውርዳችሁ ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩበት። የ17 ዓመት ልጅ ስኮላርሺፕ አጓጉቶት ሳያነብ ይፈርማል። ከዚያ 4 ዓመት ሙሉ ባላመነበት ነገር ሲሳቀቅ ይኖራል።

2. ዲቪዥኑን እወቁ

የኮሌጅ ስፖርትን የሚመሩ ማኅበራት አሉ። ትልቁ ኤን ሲ ደብል ኤ ነው፤ 3 ዲቪዥን አለው። ኤን ኤ አይ ኤ የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው ትንንሽ የግል ኮሌጆችን ይይዛል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ክርስቲያን ናቸው። በ1968 የተመሠረተ፣ የክርስቲያን ኮሌጆች ብቻ የሆነ ኤን ሲ ሲ ኤ ኤ የሚባል ማኅበርም አለ።

«ዲቪዥን 3 ደካማ ነው» የሚለውን ወሬ እርሱት። ካልቪን በ2000፣ 2003፣ 2004 እና 2006 የወንዶች ዋንጫ የወሰደው በዲቪዥን 3 ነው። ሚኒሶታ ያለው የሉተራን ኮሌጅ ሴንት ኦላፍም በ2013 አሸንፏል። እዚያ ከፊት የሚሮጡት ብዙ የዲቪዥን 1 ቡድን ውስጥ ቦታ የሚያገኙ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ ያለው ገንዘቡና የቀኑ አኗኗር ላይ ነው። ዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። በዚያው ልክ ልጁ ነርሲንግ ወይም ኢንጂነሪንግ ለመማር ሰፋ ያለ ጊዜ ያገኛል።

3. ውጤቱን ራሳችሁ ቁፈሩ

ይሄ ክፍል ትዕግሥት ይጠይቃል። ግን የኮሌጁ ብሮሹር የማይነግራችሁን ሁሉ የምታገኙት እዚህ ነው።

ቲ ኤፍ አር አር ኤስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። የኮሌጅ ሯጮች ውጤት በየስማቸው ይገኝበታል። የሃይስኩሉን ሰዓት ደግሞ አትሌቲክ ዶት ኔት ላይ ታገኛላችሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

የኮሌጁ የስፖርት ድረ ገጽ ላይ ከ3 ዓመት በፊት የነበረውን የቡድን ዝርዝር ክፈቱ። የዚያን ዓመት አንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሙሉ ጻፉ፤ ስምንት ልጆች ናቸው እንበል። አሁን የዘንድሮውን ዝርዝር ክፈቱ። ከስምንቱ ስንቱ አለ? ስድስት ወይም ሰባት ካሉ ጥሩ ምልክት ነው። ሁለት ብቻ ከቀሩ የት እንደገቡ መጠየቅ አለባችሁ። ተጎድተው ነው? ተሰላችተው ነው? ወይስ አሰልጣኙ ቀንሷቸው?

ቀጥሎ የእያንዳንዱን የ1500 እና የ5000 ሜትር ሰዓት ተከታተሉ። የመጀመሪያ ዓመቱን ከአራተኛው አስተያዩ። የትራክ ሰዓት ነው የሚሻለው፤ የአገር አቋራጭ ሜዳ አንዱ ዳገት፣ አንዱ ጭቃ ስለሆነ ሰዓቱ አይወዳደርም። 5000 ሜትር በ15፡40 ጀምሮ በ14፡40 የጨረሰ ልጅ ካለ አሰልጣኙ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። አንድ ልጅ ብቻ ከሆነ ግን አትቸኩሉ። መካከለኞቹም አብረው ከተሻሻሉ ያ ቡድን ነው። አንድ ሙሉ ሲዝን ምንም ውጤት የሌለው ልጅ ካገኛችሁ ብዙ ጊዜ ጉዳት ነው። እንደዚህ ያለ ባዶ ሲዝን በብዙዎቹ ላይ ከታየ ያ ቡድን ልጆችን ከመጠን በላይ እያስሮጠ ይሆናል።

ከዚያ አንድ ትልቅ ውድድር ምረጡና በአንደኛውና በአምስተኛው ሯጭ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። 40 ሰከንድ ከሆነ ተቀራርበው የሚሠለጥኑ ልጆች ናቸው። አንደኛው ገብቶ አምስተኛው ከ2 ደቂቃ በኋላ ከመጣ ግን ልጃችሁ ብዙ ቀን ብቻውን ይሮጣል።

የልጃችሁንም ሰዓት እዚሁ መመዘን ትችላላችሁ። የቡድኑ አምስተኛና ሰባተኛ ሯጮች ሃይስኩል እያሉ 3200 ሜትር በስንት ይሮጡ ነበር? ልጃችሁ ከእነሱ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ቦታ አለው። 40 ሰከንድ ወደ ኋላ ከሆነ አሰልጣኙ ጥሩ ቃል ቢናገረውም ቦታው ጠባብ ነው።

ስም እንዳያታልላችሁ። የባፕቲስቶቹ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ በትራክ ስመ ጥር ነው፤ ማይክል ጆንሰንና ጀርሚ ዋሪነር የወጡት ከዚያ ነው። ሁለቱም ግን የ400 ሜትር ሯጮች ናቸው። በተቃራኒው ሊበርቲ በረጅም ርቀት ታሪክ አለው። ጆሽ ማክዱጋል በ2007፣ ኬንያ የተወለደው ሳም ቼላንጋ በ2010 የዲቪዥን 1 አገር አቋራጭ ያሸነፉት በሊበርቲ ማሊያ ነው። ሳም በዚያው ዓመት 10,000 ሜትር በ27፡08.39 ሮጦ የኮሌጅ ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ይሄም ቢሆን ያለፈ ነው። እናንተ ያለፉትን 4 ዓመታት እዩ። የወንዶቹንና የሴቶቹንም ለየብቻ መርምሩ። ፕሮቪደንስ በ2013 ዋንጫ የወሰደው በሴቶች ነው።

4. አሰልጣኙን ጠይቁ

የቡድኑ ዋና አሰልጣኝ የአጭር ርቀት ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ረጅም ርቀቱን የሚያሠለጥነው ማን ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ የአንደኛ ዓመት ልጅ በሳምንት ስንት ማይል እንደሚሮጥ ጠይቁ። ጥሩ አሰልጣኝ «መጀመሪያ ሃይስኩል ስንት ይሮጥ እንደነበር ልወቅ» ይላል። ለሁሉም አንድ ቁጥር የሚሰጥ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ።

ሴት ልጅ ካላችሁ ይሄን በተለይ ስሙኝ። አሰልጣኙ ስለ ክብደት እንዴት እንደሚያወራ አጣሩ። ሴት ሯጮችን ሰው ፊት ሚዛን ላይ የሚያቆም፣ «ትንሽ ቀንሺ» የሚል ቡድን ካለ ሙሉ ስኮላርሺፕ ቢሰጥም ልጃችሁን አትላኩ። በደንብ ሳትበላ የምትሮጥ ልጅ የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷ ሊሳሳ፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ጉዳቱ ከኮሌጅ በኋላም አብሯት ሊኖር ይችላል። ቡድኑ የሥነ ምግብ ባለሙያና ሐኪም ማግኘት ይችል እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ።

አሰልጣኝ ሥራ ይቀይራል። ጎበዝ ሲሆን ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ይወስደዋል። ስለዚህ ልጁን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ይሄ ሰው ከዓመት በኋላ ቢሄድ፣ አንተም እግርህን ተጎድተህ አንድ ዓመት ባትሮጥ፣ እዚህ ኮሌጅ መማር ትፈልጋለህ? አዎ ካላለ ኮሌጁ ይሰረዝ።

5. እሁድ፣ ቅዳሜና ጾም

ስለ ኮሌጅ ምርጫ የሚጽፉ ሰዎች ይሄን አያነሱትም። ለእኛ ቤተሰብ ግን ዋናው ነው።

ብዙ የኮሌጅ ቡድን ረጅሙን ሩጫ የሚሮጠው እሁድ ጠዋት ነው። ቅዳሴም እሁድ ጠዋት ነው። በዲቪዥን 1 ደንብ በውድድር ወቅት በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ግዴታ ነው። ያ ቀን እሁድ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ክርስቲያን ኮሌጅ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ያደርገዋል። ሌላው ደግሞ «እሁድ ራስህ በተመቸህ ሰዓት ሩጥ» ይላል። ሁለቱም ጥሩ ነው። «ክርስቲያን ቡድን ነን» እያለ እሁድ 2 ሰዓት ላይ አውቶቡስ የሚያስነሳ ቡድን ግን የልጃችሁን ቅዳሴ ይነካል።

አድቬንቲስት ለሆናችሁ ደግሞ ችግሩ ቅዳሜ ነው። አብዛኛው የአገር አቋራጭ ውድድር ቅዳሜ ነው የሚካሄደው፣ የዲቪዥን 1 ሻምፒዮናም ጭምር። ይሄን ከአሰልጣኙ ጋር መጀመሪያ ቀን ተነጋገሩ። ልጁ ቡድን ውስጥ ከገባ በኋላ ማንሳት ለሁሉም ከባድ ነው።

ወደ ጾሙ ልምጣ። የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና ኖቬምበር ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ስለሚያልቅ ጾመ ነቢያት ብዙም አይነካውም። ዐቢይ ጾም ግን የ55 ቀን ጾም ነው፤ የማርቹን የቤት ውስጥ ሻምፒዮናና የኤፕሪሉን የትራክ ወቅት ያገኘዋል። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ አለ። የጾም ምግብ በልቶ በደንብ መሮጥ ይቻላል። የሚያስቸግረው ካፍቴሪያው ሰላጣና ዳቦ ብቻ ሲያቀርብ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ልምምድ ሠርቶ እስከ 9 ሰዓት ምንም የማይቀምስ ሯጭም ሰውነቱ አያገግምም።

ስለዚህ ስትጎበኙ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካፍቴሪያው ውስጥ ብሉ። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ቶፉ በየቀኑ አለ? ልጁ ዶርም ውስጥ ማብሰል ይፈቀድለታል? ሌላው የብረት ጉዳይ ነው። ሰውነት ከእህል የሚወስደው ብረት ከሥጋው ያነሰ ነው። ከምስሩ ጋር ብርቱካን ወይም ቲማቲም መብላት ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ጋር ሲጠጣ ብረቱን ያስቀራል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠጣ። ቡድኑ ፌሪቲን የሚባለውን፣ የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየውን የደም ምርመራ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የሚያደርግ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ሰዓቱና ስለ አጿጿሙ ደግሞ ልጁ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። ኮሌጅ ከገባ በኋላ በራሱ ጊዜ እየሰረቀ ከሚበላ አስቀድሞ መመካከሩ ለነፍሱም ለሥጋውም ይበጃል።

በአቅራቢያው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ካለ ልጁ እሁድ የሚሄድበት ቤት አገኘ ማለት ነው። ዊተን ከቺካጎ ሩቅ አይደለም። ሴንት ኦላፍ ከሚኒያፖሊስ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ሲያትል ፓሲፊክ እዚያው ሲያትል ውስጥ ነው። ኮሎራዶ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ዴንቨር ጎን ሌክዉድ ላይ ነው፤ ከፍታው 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ለሳንባም ደስ ይላል።

6. ገንዘቡ

በሩጫ ሙሉ ስኮላርሺፕ ብርቅ ነው። በዲቪዥን 2 አንድ የወንዶች ቡድን ለትራክና ለአገር አቋራጭ በድምሩ 12.6 ስኮላርሺፕ ብቻ ነው ያለው። ያንን ሯጩም፣ ዘላዩም፣ ወርዋሪውም ይካፈለዋል። በዲቪዥን 1 ከ2025 ወዲህ አዲስ አሠራር መጥቷል። ሃውስ የሚባለውን በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነስቶላቸዋል፤ በምትኩ የሯጩ ቁጥር ተገድቧል፣ ለአገር አቋራጭ 17 ነው። ስለዚህ «ትምህርት ቤታችሁ በቁጥር ገደቡ ነው የሚሠራው? ልጄ ከ17ቱ ውስጥ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ድሮ «ናና ሞክር» የሚባለው ልጅ ዛሬ ቦታ የለውም ሊባል ይችላል።

እኔ የምመክረው የትምህርት ስኮላርሺፕን ማስቀደም ነው። የስፖርቱ ገንዘብ ብዙ ቦታ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የትምህርቱ ግን ውጤቱን እስከጠበቀ ድረስ ቢጎዳም አይቋረጥም። አንዱ ኮሌጅ ዋጋው 60 ሺህ ዶላር ሆኖ 20 ሺህ ቢሰጥ፣ ሌላው 42 ሺህ ሆኖ 15 ሺህ ቢሰጥ፣ ትልቁን ስጦታ አትዩ። ከኪስ የሚወጣውን እዩ። 40 ሺህና 27 ሺህ ነው። በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ይሄን የሚያሰላ ማስያ አለ፤ በሕግ ግዴታቸው ነው። ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት የዕርዳታ ማመልከቻ በመደበኛው ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ቶሎ ይሙላ። የተስፋ ቃል በስልክ አይበቃም። ቢጎዳ ገንዘቡ ይቀጥል እንደሆነ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ሌተር ኦፍ ኢንቴንት የሚባለው፣ ሯጩ ለኮሌጁ ቃል የሚገባበት ፊርማ በ2024 ቀርቷል፤ አሁን የሚፈረመው የገንዘብ ዕርዳታ ውሉ ራሱ ነው።

7. ኢሜይልና ጉብኝት

ኢሜይሉን ልጁ ይጻፍ። ወላጅ የጻፈው ያስታውቃል። ርዕሱ ላይ ስሙን፣ የሚመረቅበትን ዓመት፣ ርቀቱንና ሰዓቱን ያስቀምጥ። ውስጡ ላይ ጂፒኤውን፣ ሊማር የሚፈልገውን፣ በሳምንት የሚሮጠውን ማይልና ለምን ያንን ኮሌጅ እንደመረጠ በአጭሩ ይግለጽ። የዲቪዥን 1 እና 2 አሰልጣኞች መልስ መጻፍ የሚችሉት አሥረኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ዝም ቢሉ ልጁ አይከፋ። በዲቪዥን 1 እና 2 ለመሮጥ ከሃይስኩል 16 ዋና ዋና ኮርሶች ይጠየቃሉ፤ ለዲቪዥን 1 በእነሱ ላይ ቢያንስ 2.3 ጂፒኤ፣ ለዲቪዥን 2 ደግሞ 2.2 ያስፈልጋል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ቢታወቅ ይሻላል።

ስትጎበኙ አስጎብኚው የማያሳያችሁን ፈልጉ። ልምምድ ቁሙና ተመልከቱ። ከኋላ የቀረውን ልጅ አሰልጣኙ በስሙ ይጠራዋል? የጸሎት ፕሮግራሙ ላይ ተቀመጡ፤ ሯጮቹ አሉ ወይስ መቀመጫቸው ባዶ ነው? ከዚያ ልጃችሁ ዶርም ያድር። ማታ ላይ ከኮከቡ ጋር ሳይሆን ከቡድኑ መካከለኛ ልጅ ጋር ያውራ። «ስትጎዳ ማን ጠየቀህ? ቅዳሜ ማታ ቡድኑ ምን ያደርጋል? ከመጣህ በኋላ እምነትህ ምን ሆነ?» ይበለው። ወጣት ለወጣት ይነጋገራል።

8. ከኢትዮጵያ ለሚመጣ ሯጭ

ለእናንተ ሦስት ነገር ብቻ ልጨምር። የገንዘብ ሽልማት ያለው ውድድር ከመሮጣችሁ በፊት የኤን ሲ ደብል ኤን የብቁነት ማዕከል ጠይቁ። ሃይስኩል ጨርሳችሁ ብዙ ዓመት ከተወዳደራችሁም የመሮጫ ዓመታችሁ ሊቀነስ ስለሚችል አትዘግዩ። ሦስተኛ፣ ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ቅጽ ከመስጠቱ በፊት ቀሪውን ወጪ የሚከፍል ሰው ማስረጃ ይጠይቃል። «ሙሉ ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካለ ትታችሁት ሂዱ። አሰልጣኙን በቀጥታ መጻፍ ነጻ ነው።

ውሳኔው ሲያልቅ ልጁ ላልመረጣቸው አሰልጣኞች ሁሉ አጭር የምስጋና ኢሜይል ይላክ፤ ለእሱ ያስቀመጡትን ቦታ ለሌላ ልጅ ይሰጣሉ። የመረጠውን አሰልጣኝ ደግሞ የበጋውን የልምምድ ዕቅድ ይጠይቅ። አብዛኛው ቡድን ኦገስት ላይ ሲሰበሰብ ልጆቹ ከጁን ጀምሮ ማይላቸውን ቀስ በቀስ ከፍ አድርገው እንዲመጡ ይጠብቃል።